ደቻቱ ዳር ቤት ላለው ሰው

ድሬዳዋን ለሁለት የሚከፍለውን ወንዝ፣ ደቻቱን የማያውቅ እንግዳ ድልድዩ ላይ ቆሞ ወደ ታች ሲያይ ግር ይለዋል። ይሄን የሚያህል ድልድይ ለአሸዋ? እውነቱን ነው። በዓመቱ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ እዚያ ያለው አሸዋ ብቻ ነው። ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል፣ ግመል ያቋርጠዋል፣ አሸዋ የሚጭኑ መኪኖች ይገቡበታል። ከከዚራ ሰፈር ወደ መጋላ ሰፈር በእግሩ የሚያቋርጥ ሰው ትልቁ ችግሩ ጫማው ውስጥ የገባው አሸዋ ነው።

ከዚያ አንድ ቀን፣ ድሬ ላይ ጠብታ ሳይወርድ፣ ወንዙ ግድግዳ አክሎ ይመጣል።

ምክንያቱን የድሬ ልጅ ሁሉ ያውቀዋል። ከተማዋ ያለችው 1200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። በስተደቡብ በኩል ያለው የሐረርጌ ደጋ ደግሞ ከ2000 ሜትር ያልፋል። ደንገጎ ላይና ከዚያ በላይ ባሉት ተራሮች የጣለው ዝናብ፣ ዛፉ የተመነጠረበትን ዳገት እየገፈፈ ቁልቁል ይወርዳል። እኛ ደረቅ ሰማይ ሥር ቡና እየጠጣን ሳለ ውሃው መንገድ ላይ ነው። ለዚህ ነው የድሬ ሽማግሌ የራሱን ሰማይ ትቶ የደንገጎን ሰማይ የሚያየው።

በ1998 ግን ሰማይ ማየትም አልተቻለም፤ ሌሊት ነበር። ሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ፣ ከተማው በተኛበት። ከ250 በላይ ሰው ሞተ። የገባበት ያልታወቀው ብዙ ነው። በሺዎች የሚቆጠር ሰው ቤቱን አጣ። ከዚያ በኋላ በወንዙ ግራና ቀኝ የመከላከያ ግንብ ተሠራ፤ ብዙ ሰውም ግንቡን አይቶ ልቡ አረፈ። የእኔ ልብ ግን እንደዚያ አላረፈም፤ ስለዚህም ነው ይሄን የምጽፈው። ስለ ግንብ አይደለም። ስለ መድን ወረቀት ነው።

አክስቴ ቤቷ መጋላ በኩል ነው፣ ከወንዙ ብዙም አይርቅም። በዚያ ሌሊት ውሃው ቤቷ ገብቶ ነበር። ሳሎኑን ካስቀባች ቆይታለች። የዕቃ ቤቱን ግድግዳ ግን አላስነካችም። ጭቃው የደረሰበት መስመር እስከ ዛሬ አለ፤ እኔ አጠገቡ ስቆም ከደረቴ በላይ ነው። ከመስመሩ በታች ያለው ኖራ ቡናማ ሆኖ ቀርቷል፣ በጣት ሲነኩት ይራገፋል። አቅም አጥታ አይደለም ያልቀባችው። «ይታይ» ነው የምትለው።

ልጇ ከጥቂት ዓመት በፊት ከባንክ ተበድሮ በግቢው ፊት ለፊት ሁለት ሱቅ ሠራ። ባንኩ ቤቱን በመያዣነት ሲይዝ ኢንሹራንስ ግቡ አለ፤ ገቡ። አክስቴ በዚህ ደስታዋ ልክ አልነበረውም። «አሁንማ ኢንሹራንስ አለኝ» እያለች ለጎረቤት ሁሉ አወራች። እኔም አንድ ቀን ቤቷ ስሄድ ወረቀቱን ላየው ጠየቅኋት፤ እሷም ከብርድ ልብስ ሣጥን ውስጥ፣ በፌስታል እንደተጠቀለለ አወጣችው። ወረቀቱ በእንግሊዝኛ ነው። አብዛኛው የእኛ አገር የመድን ውል እንደዚያ ነው፤ ውሉ በአንድ ቋንቋ፣ ሰውየው በሌላ።

የመጀመሪያው ገጽ ላይ የተጻፈው የእሳትና የመብረቅ መድን ነው። ገለጥኩ። ሁለተኛው ገጽ ላይ ኩባንያው የማይከፍልባቸው ነገሮች ተደርድረዋል። ከኋላ በስቴፕለር የተያያዘ አንድ ቅጠል አለ፤ ተጨማሪ ሽፋኖች የሚዘረዘሩበት ነው። የመሬት መንቀጥቀጥ፣ ሁከትና አድማ፣ ጎርፍ፣ የውሃ ቧንቧ መፈንዳት። ከእያንዳንዱ አጠገብ ባዶ ቦታ አለ። ከጎርፍ አጠገብ ያለውም ባዶ ነው።

ማለትም ቤቱ ቢቃጠል ይከፈላታል። ደቻቱ ቢወስደው ምንም የለም።

አብረን ቅርንጫፉ ሄድን። የትኛው ኩባንያ እንደሆነ እዚህ አልጽፍም፤ ደግሞም ማንም አልዋሻትም። የተቀበለን ልጅ ጨዋ ነው፣ ወንበር ስቦ አስቀመጣት።

«እማማ፣ ይሄ እኮ ባንኩ የጠየቀው ነው» አላት።

«ባንኩ ደቻቱን ያውቀዋል?»

«እንዴት ማለትዎ ነው?»

«የባንኩ ቤት ደጋ ላይ ነዋ! እሱ እሳት ይፍራ። እኔ የምፈራውን ጠይቀኸኝ ታውቃለህ?»

ልጁ ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ። አክስቴ ግን አልሳቀችም። ልክ ነበረች። የባንክ ብድር ያለበት ሰው ሁሉ ይሄን ልብ ይበልልኝ። ባንኩ የሚያስገባህ መድን ባንኩን የሚጠብቅ ነው። ጉዳት ቢደርስ ካሳው ውስጥ መጀመሪያ የሚወጣው የባንኩ ቀሪ ብድር ነው። የተረፈ ካለ ያንተ ነው። ዕቃህ፣ ፍሪጅህ፣ የቤት ኪራይ ገቢህ እዚያ ወረቀት ላይ የሉም። ባንኩ የጠየቀው ሲሟላ ጨረስኩ የሚል ሰው ገና ግማሽ መንገድ ላይ ነው።

የጎርፍ ሽፋኑ በተጨማሪ አረቦን፣ ማለትም ለመድን ድርጅቱ በሚከፈል ተጨማሪ ገንዘብ፣ ይጨመራል። ወንዝ ዳር ላለ ቤት ግን ኩባንያው እንዲሁ አይጨምርልህም። ሰው ልኮ ያያል። ቤቱ በምን ተሠራ? ብሎኬት ነው ጭቃ? ወለሉ ከመንገዱ ስንት ይበልጣል? ከወንዙ ስንት ሜትር ይርቃል? ከዚህ በፊት ውሃ ገብቶበት ያውቃል? አክስቴ ለዚህ የመጨረሻው ጥያቄ መልሷ ግድግዳው ላይ ነበር። ልጇ «እማ፣ እሱን ቀለም እንቀባውና ይምጡ» ብሎ ነበር። ይሄ አደገኛ ሐሳብ ነው። የመድን ሕጋችን፣ ከ1952ቱ ንግድ ሕግ ጀምሮ፣ ውል የሚገባ ሰው ስለ አደጋው የሚያውቀውን ሁሉ እንዲናገር ያስገድደዋል። ደብቀህ ገብተህ በኋላ ቢታወቅ ውሉ ራሱ ሊፈርስ ይችላል። አረቦን ስትከፍል ኖረህ በችግርህ ቀን ባዶ እጅህን ትቀራለህ። መስመሩ አልተቀባም። የመጣው ገማች ዕቃ ቤቱ ገብቶ አየው፣ ሜትሩን አውጥቶ ለካው፣ ጻፈው። አረቦኑ ከጠበቅነው በላይ ሆነ። ቢሆንም እውነተኛ ወረቀት ነው።

ጎርፍ ተጨመረ ማለት ደግሞ ሁሉም ነገር ተጨመረ ማለት አይደለም። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ሰው የሚጣላው እዚህ ጋ ነው።

አንደኛ፣ አጥርና የግቢ በር። ብዙ ጊዜ በጎርፍ ሽፋን ውስጥ አይገቡም። ውሃው ሲመጣ ደግሞ መጀመሪያ የሚያገኘው እነሱን ነው። የብረት በርህን ቀፊራ ገበያ ድረስ ወስዶት ብታገኘው ለራስህ ነው። በስም እንዲጻፍ ካላደረግህ።

ከዚያ የመሬቱ ጉዳይ አለ። ደቻቱ ከላይ መጥቶ ቤት ሲያጥለቀልቅ አንድ ነገር ነው። ከሥር አፈሩን እየበላ ቆይቶ ግድግዳው ሲሰነጠቅ ሌላ ነው። ለአንተ ሁለቱም ወንዙ ነው። ለውሉ ግን ሁለተኛው የመሬት መስመጥ ወይም መንሸራተት ነው፤ ለብቻው ካልተጠየቀ አይሸፈንም። ወንዝ ዳር ቤት ያለው ሰው ስለ ጎርፍ ብቻ ጠይቆ መመለስ የለበትም።

ደግሞ ተቀናሹ። ሠራተኞቹ ኤክሰስ ይሉታል። ከጉዳቱ የመጀመሪያውን ይህን ያህል ብር ወይም ይህን ያህል በመቶ አንተው ትችለዋለህ ማለት ነው። ጎርፍ በሚደጋገምበት ሰፈር ይሄ ቁጥር ከፍ ይላል። ሰው ግን የሚጠይቀው አረቦኑን ብቻ ነው። «ስንት እከፍላለሁ?» ይላል፤ «ስንት ይቀርብኛል?» አይልም።

ከሁሉ የሚብሰው ግን ዋጋው ነው። ቤትህን ስንት ነው ብለህ አስገባህ? የአክስቴ ሱቆች ሲሠሩ የብረትና የሲሚንቶ ዋጋ የዛሬው አልነበረም። ሐምሌ 2016 ብር ከተንሳፈፈ ወዲህ ደግሞ ምን እንደሆነ ግንባታ የጀመረ ሁሉ ያውቃል። ወረቀቱ ላይ ያለው ቁጥር ግን የድሮው ነው። ሰው ይሄን ሲያይ «ምን ችግር አለው፣ ከፊሉን እንኳ ቢከፍሉኝ» ይላል። ሒሳቡ ግን እንደዚያ አይሠራም። ቤትህ ዛሬ እንደገና ቢሠራ 6 ሚሊዮን ብር ይፈጃል እንበል። አንተ ያስገባኸው በ3 ሚሊዮን ነው። ጎርፉ የ1 ሚሊዮን ብር ጉዳት አደረሰ። «3 ሚሊዮን አስገብቻለሁ፣ 1 ሚሊዮኑን ይከፍሉኛል» ትላለህ። አይከፍሉህም። ግማሹን ብቻ ስላስገባህ የሚከፈልህም የጉዳቱ ግማሽ፣ 500 ሺህ ነው። ከሱም ላይ ተቀናሹ ይወርዳል። ይሄን ለአክስቴ ሳስረዳት «ታዲያ ግማሽ አረቦን ነዋ የከፈልኩት፣ ምን ይገርማል» አለችኝ። እኔ ሩብ ሰዓት ያወራሁትን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጨረሰችው።

በተቃራኒው ከዋጋው በላይ ማስገባትም አይጠቅምም። መድን ያጣኸውን ይተካል እንጂ አያበለጽግም። የቤቱ ዋጋ ሲሰላም ቦታው አይቆጠርም። መጋላ ያለ መሬት ውድ ነው፣ ግን ጎርፍ መሬቱን አይወስድም። መተካት ያለበት ግንቡ፣ ጣሪያው፣ ሽቦው፣ በሩ ነው።

ሱቆቹን የተከራዩት ሁለት ሰዎች ናቸው። አንዱ ጨርቃ ጨርቅ ይሸጣል፣ ሌላው ኤሌክትሮኒክስ። ሁለቱም አክስቴ ኢንሹራንስ እንዳላት ሲሰሙ ዕቃቸውም አብሮ የተሸፈነ መስሏቸው ነበር። አልተሸፈነም። የቤቱ መድን ለቤቱ ነው። ዕቃው የራሱን ይፈልጋል፣ በባለቤቱ ስም። ደግሞ ካሳ ለመጠየቅ ዕቃው እንደነበረህ ማሳየት አለብህ፤ ደረሰኝ፣ የክምችት መዝገብ። ድሬ ላይ ስንቱ ዕቃ በደረሰኝ እንደሚገባ ሁላችንም እናውቃለን፣ ስለዚህ ወደዚያ አልገባም። ኤሌክትሮኒክስ የሚሸጠውን ልጅ ከታች ያለውን መደርደሪያ ባዶ እንዲያደርገው መከርኩት። «አቦ ቦታ የለኝም» አለኝ። እሱም እውነቱን ነው።

የመኪናም ነገር አለ። ሰው ሁሉ መድን ሲባል የሚያስበው መስታወቱ ላይ የተለጠፈውን የሦስተኛ ወገን ስቲከር ነው። እሱ በሕግ ግዴታ ነው፣ የሚከፍለውም አንተ በሌላ ሰው ላይ ላደረስከው ጉዳት ነው። ባጃጅህን አሸዋው ላይ አቁመህ ውሃ ቢወስደው ስቲከሩ አብሮ ይሄዳል፤ ሌላ ጥቅም የለውም። ለራስህ ንብረት ሙሉ ሽፋን ያስፈልጋል፤ እሱም ጎርፍን እንደሚያካትት ማንበብ ነው።

የአክስቴ ታናሽ ልጅ አሜሪካ ነው፣ ሚኒሶታ። ከሐረርጌ የሄደ ሰው ያልሞላበት ከተማ እዚያ ያለ አይመስለኝም። ቤቱ ሐይቅ አጠገብ ነው፣ ትንሽ ጀልባም አለችው። ስልክ ላይ ይሄን ወሬ ስናወራ እየሳቀ «እዚህም እኮ ያው ነው» አለን። እዚያ መደበኛው የቤት መድን ጎርፍን አይሸፍንም። የጎርፉ ለብቻው ነው የሚገዛው፣ በአብዛኛው በፈረንጅ አቆጣጠር በ1968 በተጀመረው የመንግሥት ፕሮግራም በኩል። ለመኖሪያ ቤት ግንባታው እስከ 250 ሺህ ዶላር፣ ለዕቃ እስከ 100 ሺህ ዶላር ድረስ ይሸፍናል። ምድር ቤት ውስጥ የተቀመጠ ሶፋና ቴሌቪዥን ግን አይከፈልበትም። ከተገዛበት ቀን ጀምሮ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ 30 ቀን መጠበቅ አለ። ሐይቁ ሲሞላ አይተህ ብትሮጥ ዋጋ የለውም።

የጀልባው ጉዳይ ለእኔ አዲስ ነበር። የቤት መድኑ ለጀልባ የሚሸፍነው ጥቂት ነው፤ ስለዚህ የራሷ ውል አላት። ውሉ ጀልባዋን ብቻ ሳይሆን በጀልባዋ ሰበብ ሌላ ሰው ላይ የሚደርሰውንም ይይዛል። ውሃው ከፍ ባለ ጊዜ ሞተሩን አስነስቶ በፍጥነት መንዳት በብዙ ሐይቆች ላይ ይከለከላል። ጀልባው የሚያስነሳው ማዕበል የሞላውን ውሃ ወደ ሰው ጓሮ ይገፋዋል፣ ዳርቻውን ይንደዋል፣ የጎረቤትን የጀልባ መቆሚያ ይሰብራል። ክልከላውን ጥሶ ጉዳት ያደረሰ ሰው ደግሞ ከቅጣቱ ሌላ የካሳ ጥያቄ ይመጣበታል። የውሃው መጠን ሲጨምር ማሰሪያውን ማላላት ወይም ጀልባዋን ጎትቶ ማውጣትም የባለቤቱ ሥራ ነው። «ተኝቼ ገመዱ ቢበጠስ ቸልተኛ ነህ ይሉኛል» አለን። አክስቴ «ውሃ ለመዝናናት ገንዘብ የሚከፍል ሰው!» ብላ ስልኩን ለእኔ ሰጠችኝ።

እኛ አካባቢ ጀልባ የለም እንጂ ሐይቅስ አለ። ሐረማያን አስቡ። ደርቆ ነበር፤ በ1990ዎቹ መጨረሻ ላይ አልቆ፣ ከሱ ውሃ ትጠጣ የነበረችው ሐረር ዛሬ ውሃዋን ከድሬዳዋ አካባቢ ከከርሰ ምድር ወደ ላይ በቧንቧ ታስወጣለች። ከዚያ በቅርብ ዓመታት ሐይቁ ተመልሶ መጣ። ሁላችንም ደስ አለን፣ ፎቶ ተነሳን። ግን ሐይቅ በሌለበት ዘመን ዳር ዳሩን ያረሰ ሰው፣ የውሃ ሞተሩን እዚያ የተከለ ሰው ምን ይላል? ውሃው ወደ ራሱ ቦታ ነው የተመለሰው። መድን ሰጪ ለዚህ ዓይነቱ ነገር እጁን አይሰጥም።

ወደ አዲስ አበባ በመኪና የሚሄድ ሰው ደግሞ መተሐራ ላይ በሰቃን ያያል። ይሄ ሐይቅ በፈረንጅ 1960ዎቹ 3 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር። አሁን ከ40 በላይ ነው። መንገዱንም የድሮውን ሐዲድም ተጠግቶ አስቸግሯል። በሰቃ እንደ ደቻቱ በሌሊት አይመጣም። ቀስ ብሎ፣ በየዓመቱ ጥቂት ጥቂት ነው። ለመድን ሰጪ ደግሞ ልዩነቱ ይሄ ነው። መድን የሚሠራው ይምጣ አይምጣ ለማይታወቅ፣ ድንገት ለሚደርስ ነገር ነው። በየዓመቱ እየቀረበ መሆኑ እየታየ ያለ ውሃ ድንገተኛ አይደለም። ስለዚህ ነገሩ የተገላቢጦሽ ይመስላል፤ ሰው የሚገድለው ደቻቱ ሊሸፈን ይችላል፣ ማንንም የማያስደነግጠው በሰቃ ግን በጣም ያስቸግራል።

ይሄን ሁሉ ስጽፍ ግን አንድ ነገር ያሳፍረኛል። በ1998 ከሁሉ የበለጠ የተጎዱት ከወንዙ አፋፍ ላይ በጭቃና በቆርቆሮ ቤት የነበሩ ሰዎች ናቸው። ካርታ የለም። ካርታ ከሌለ ባንክም የለም፣ መድንም የለም። የጭቃ ቤት ላይ የጎርፍ ሽፋን የሚሰጥ ማን ነው? እነሱን የያዛቸው እድሩና እንደ እድር ያለው የአካባቢያችን መረዳጃ፣ አፎቻው ነው። ሰው ሲሞት ድንኳኑ ይተከላል፣ ምግቡ ይመጣል፣ ቀባሪው ይሰበሰባል። በዚህ እኛን የሚያህል የለም። ግን አፎቻ ለሞተ ሰው ነው የተደራጀው፤ ለፈረሰ ግድግዳ የሚሆን ገንዘብ የለውም። ደግሞ ጎርፍ የመጣ ቀን የአንድ ሰፈር አባላት ሁሉ በአንድ ሌሊት ተጎጂ ይሆናሉ፤ ማን ለማን ያዋጣል? መድን ድርጅት የሚሻለው በዚህ ብቻ ነው። የድሬውን ጉዳት ጎርፍ የሚባል ነገር ከማያውቅ ከተማ በተሰበሰበ አረቦን ይከፍላል።

በወለድ ምክንያት መድን የሚሸሽ ሰውም በእኛ ከተማ ጥቂት አይደለም። በቅርብ ዓመታት ተካፉል የሚባለው፣ ያለ ወለድ በመረዳዳት ላይ የቆመው አሠራር በአገራችን ተፈቅዶ አንዳንድ ኩባንያዎች ጀምረውታል። ጎረቤቶቼ ውስጥ «አይሆንልኝም» ይሉ የነበሩ ሰዎች አሁን ዋጋ መጠየቅ ጀምረዋል። ጥያቄው ግን እዚያም ያው ነው፤ ጎርፍ ውስጡ አለ?

ውሃው ከገባ በኋላ የሚሠራውን በአጭሩ ልበል። ሁሉም ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው ጭቃውን ጠርጎ የተበላሸውን መጣል ነው። ከመጥረግህ በፊት በስልክህ ፎቶ አንሳ፤ መስመሩ የደረሰበትን ግድግዳ፣ የዕቃውን ሞዴል ቁጥር ሳይቀር። የረጠበውን ዕቃ ገማቹ ሳያየው አትጣል። ይብስ እንዳይበላሽ ማድረግ ግን ግዴታህ ነው። በዚያው ቀን ደውል፣ ከዚያ በጽሑፍም አሳውቅ፤ ውሉ ላይ የተጻፈች የቀን ገደብ አለች፣ እሷ ካለፈች ክርክር ነው። ወረቀቱን ራሱ ደግሞ ፎቶ አንስተህ ሌላ ከተማ ላለ ዘመድ ላከው። አክስቴ የብርድ ልብስ ሣጥኑን አሁን ቁም ሣጥን ላይ አውጥታዋለች፣ ፎቶው ደግሞ ሚኒሶታ ነው።

ውሏ የሚታደሰው በየዓመቱ ግንቦት ላይ ነው። ለእኛ ጥሩ ወር ነው፤ የበልጉ ዝናብ ያልፋል፣ ክረምቱ ገና ነው። ዘንድሮ ልታድስ ስትሄድ የብረት ዋጋ ጠይቄ፣ የሁለቱን ሱቆች የግንባታ ሒሳብ ሠርቼ ሰጠኋት። ቅርንጫፉ ያለው ልጅ ቁጥሩን አይቶ «ጨመረ እኮ እማማ» አላት። «ብረቱም ጨምሯል» ብላ አጥሩንና በሩንም በስም እንዲጽፍላት ነገረችው። ጻፈላት። ኤሌክትሮኒክስ የሚሸጠው ተከራይም አብሯት ሄዶ ነበር፤ ለዕቃው ዋጋ አስወጥቶ ወረቀቱን በኪሱ ይዞ ተመለሰ፤ እስካሁን ግን አልከፈለም።